ቀድሞ የሚታረሰው ማሳ

ኦክቶበር 28፣ ማክሰኞ

ሙቀት። የማረሻውን ብሎኖች ዘይት ቀባሁ። በሬዎቹን ወንዝ አወረድኩ፤ ወንዝ ከተባለ... አሸዋ ቆፍረን ነው ውሃ የምናወጣው። የቀዩ የጎድን አጥንት ይቆጠራል። ቦራው ይሻላል። እራት ንሺማ፣ ያው የበቆሎ ገንፎ፣ በደረቅ አሳ። ባለቤቴ ሳህኑን አስቀምጣልኝ ወጣች። ከእሁድ ጀምሮ እንዳኮረፈች ነው።

ምን ነክቶኝ ነው ግን እሁድ ለት የተነሳሁት? ፓስተሩ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ማሳ ተናገረ። በቆሎው ለመበለቶቹና አልጋ ለያዙት በሽተኞች ነው የሚታደለው። አንዱ ዘር እሰጣለሁ አለ፣ አንዷ ጉልበቴን አለች። ጎረቤቴ ሲያቹማ ተነስቶ ማዳበሪያ በከረጢት ሲል ጉባኤው አጨበጨበ። ያ ጉረኛ! እኔም ብድግ። "የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት በሬዎቼ ከማንም ማሳ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ያርሳሉ!" እልልታው ቀለጠ። ከሲያቹማ በለጥኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ

ዛሬ ተናገረች። ባትናገር ይሻል ነበር።

"አምና ያ የከብት በሽታ በሬዎቻችንን ፈጅቶ የቀሩን እነዚህ ሁለት አጥንቶች ናቸው። በእነሱ የሰው ማሳ ልታርስ?"

"የሰው አይደለም፣ የእግዜር ነው።"

"እግዜር በሬ ቸገረው?"

እውነቷን ነው። አፈራችን አሸዋ ነው፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ እርጥበቱ ሁለት ሦስት ቀን አይቆይም። ቀድሞ የዘራ ይበላል። የዘገየ ሁለተኛውን ዝናብ ሲለምን ይከርማል። አምና ሁለተኛው ዝናብ የመጣው ለገና ነበር። ልጆቹ እስከ መከር የዱር ፍሬ ሲለቅሙ ከረሙ።

ኖቬምበር 8

ደመና መጣ። ሄደ።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ጠዋት አካፋ። አቧራውን እንኳ በቅጡ አላረጠበም። ግን ዝናብ ዝናብ ነው አልኩ... የመጀመሪያው ዝናብ አይደል ያልኩት? ዛሬ የእነሱን ጭሬላቸው ብመለስ ቃሌ ተፈጸመ፤ እውነተኛው ሲመጣ የራሴን አርሳለሁ። ጠምጄ ከነፍኩ።

እማማ ሙንሳካ ከቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ጋር ከማሳው ዳር ተቀምጠዋል። የበጎ አድራጎቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው መበለት ሆነው ዱቄት በጭንቅላታቸው ተሸክመው በየበሽተኛው ቤት ይዞራሉ። በሬዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።

"ይኼ ዝናብ ነው?"

"ያው... ጥሏል እኮ እማማ።"

"ልጄ፣ ይኼ ዝናብ አይደለም። እግዜር አነጠሰ። በሬዎችህን ወደ ቤት መልስ፣ በከንቱ አታድክማቸው።"

ሴቶቹ ሳቁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ተንኮሌ ገብቷቸዋል ማለት ነው?

ኖቬምበር 13

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ሄጄ ነበር እኮ። የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። አይቆጠርም?

አይቆጠርም።

ኖቬምበር 24፣ ሰኞ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ወረደ! ጣራው እስኪያደነቁር። ልጆቹ ጨፈሩ።

ዛሬ ማለዳ ጠመድኩ። ባለቤቴ ከፊት ሆና ገመዱን ያዘች። መንገዱ ሲከፈል ቆም አለች፤ በግራ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀኝ የእኛ ማሳ። እያየችኝ ቆመች። "በቀኝ" አልኩ። ቀዩ በሬ ራሱ ወደ ቀኝ አዘነበለ ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት። እኔ ነኝ ያዞርኩት።

ሙሉ ቀን አረስን። ደስ የሚል አፈር... ቀና ብዬ ወደ ግራ አላየሁም።

ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

የራሴን አርሼ ዘርቼ ትናንት ጨረስኩ። ዛሬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማሳ ሄድኩ። ሴቶቹ በመቆፈሪያ ከሰኞ ጀምሮ ሲቆፍሩ ሰንብተዋል። አንዷ ከበሽታ ገና ያገገመች ናት፤ እየቆፈረች ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። የጨረሱት አንድ ጥጉን ብቻ ነው። ማረሻዬን ባሳርፍ መሬቱ ደርቋል፤ ይፍቃል እንጂ አይገባም።

እማማ ሙንሳካ የበቆሎ መጠጥ በጣሳ ሰጡኝ።

"ደክሞሃል፣ ጠጣ።"

ቢሰድቡኝ ምናለ?

ኖቬምበር 30፣ እሁድ

ፓስተሩ ለሥራ ከተማ ሰንብቶ ቅዳሜ ነው የተመለሰው። ማንም አልነገረውም። መድረክ ላይ ወጥቶ ስሜን ጠራ! "የራሱን ትቶ የእግዜርን ላስቀደመው ለወንድማችን ለሃቾንጋ..." ጭብጨባ። ሲያቹማ ሳይቀር። ተነስ አሉኝ፣ ተነሳሁ። አይ አላልኩም። ለምን አላልኩም?

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ስንወጣ እማማ ሙንሳካን ተከትዬ "ስላልተናገሩ እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው።

"ለአንተ ብዬ መሰለህ? ቃሉን ለበላ ሰው እንደተጨበጨበ ጉባኤው ቢያውቅ፣ ነገ ሁሉም ቃሉን ይበላል ብዬ ነው።"

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። የእኛ በቆሎ በትልሙ ላይ ወጥቷል፣ በተለይ ታችኛዋ ቁራሽ፣ እርጥበት የምትይዘው። የእነሱ በእጅ የተቆፈረው ጥግ ብቻ። ሌላው ባዶ።

ባለቤቴን "አንቺ አይደለሽ የራሳችንን ያልሽ?" አልኳት።

"የራሳችንን አስቀድም አልኩህ እንጂ፣ ላልሰጠኸው ምስጋና ተቀበል አልኩህ?"

ደግሞ፣ ቀስ ብላ፦ "ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ሰጠሁ ስትል እንጂ ስትሰጥ አላየሁህም።"

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

እማማ ሙንሳካን ወደ ማሳችን ወሰድኳቸው። "ለመበለቶቹ የሚሆን ቁራሽ ይምረጡ" አልኩ። ዳር ዳሩን ይወስዳሉ ብዬ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። በዱላቸው አመለከቱ።

"ታችኛዋን።"

ምርጧን! ባለቤቴን አየኋት... ራሷን ነቀነቀች፣ እሺ ማለቷ ነው።

"ይሁን" አልኩ።

"ለማንም አትናገር። ለፓስተሩም፣ ለዚያ ለሲያቹማም።"

"ቢጠይቁኝስ?"

"ዝም ማለት ታውቅበታለህ።"

ማታ ባለቤቴ ከእኔ ጋር ተቀምጣ በላች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

"የቾልዌ አባት፣ የቆጨህ መሬቱ ነው ወይስ ሰው ሳይሰማ መቅረቱ?"

"ሁለቱም" አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ውስጤ አልሳቀም። የዘንድሮ እህል ይበቃናል? አላውቅም። ሰው አሁንም በመንገድ ላይ ስለ በሬዎቹ ያመሰግነኛል። ሰኞ ለፓስተሩ የቤተ ክርስቲያኑን ማሳ እንዳላረስኩ እነግረዋለሁ፤ ስለ መሬቱ አልናገርም።

አረሙ ጀምሯል። ነገ ሰንበት ነው፤ በማግስቱ በጠዋት ለማረም እንወርዳለን። ቀድሞ የእነሱን።