እናቴን ከማኅበር ያሰረዘው መርጫ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ለተከበሩ የገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅተምዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሰው ፊት ስቆም አንደበቴ ስለሚተሳሰር መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። ለመናገር ባፍርም ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የኬሚካል መርጫውን ተቀብዬ ጓዳችን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አንደኛ፣ ስለ አደራዎ አመሰግናለሁ። ያለ ኬሚካል ማምረታችንን የሚያረጋግጡት የውጭ ኦዲተር ሊመጡ ሲሉ መርጫዎን በጆንያ ጠቅልለው በጓሮ በር አመጡና፣ ለሁለት ቀን ብቻ እንደሆነና ለእናቴ ራስዎ እንደሚነግሯት አስረዱኝ። አገር ምድሩ አባባ የሚልዎትን ሰው እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ለእናቴ ግን እስከ ዛሬ አልነገሯትም፤ ሥራ በዝቶብዎ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ተቆጣጣሪያችን የሆኑትን አማችዎን አመሰግናለሁ። ከእርስዎ በረንዳ ሳይነሡ ቤታችን ተፈትሾ ንጹሕ መሆኑን በቅጹ ላይ ሞሉልን። ዕጣ ሆኖ ኦዲተሩ ከመቶ አርባ አባላት መካከል የእኛን ቤት መርጠው ገቡና ጆንያውን ፈቱት። እናቴ አላውቀውም ብትል ማን ይመናት?

ሦስተኛ፣ ሁላችንም በአንድ የምስክር ወረቀት ስለምንተዳደር ወረቀቱን ለማዳን ሲሉ፣ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ብለው፣ ስሟን በራስዎ እጅ ሰረዙ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ማሳዋ ንጹሕ ተብሎ እስኪመዘገብ ሦስት ዓመት ጠብቃለች፤ እንደገና ሦስት ዓመት ለመጠበቅ ግን ወገቧም ልቧም ደክሟል።

ዛሬ ጠዋት እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኳት ብቻ ጠይቃ ወደ ማሳዋ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለትዕግሥትዎ ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ በዕድሜም በድምፅም ትንሿ፣ የተሰረዘችው እናት ልጅ ነኝ።

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ጎህ ሲቀድ ትሉን በእጇ ብትለቅምም የፎሶሊያዋ ቅጠል ወንፊት ሆኗል፤ የእርስዎ ግን አንድም ቀዳዳ አይታይበትም። በጸሎት ከሆነ ለእኛም ያስተምሩን። ነገ ኦዲተሩ በሚገኙበት የምርመራው መዝጊያ ስብሰባ ላይ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ተነሥቼ መርጫው የማን እንደሆነ እናገራለሁ፤ ከዚያም ኦዲተሩን ወደ ማሳዎ እየመራሁ እወስዳቸዋለሁ።