ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የተኙት ሕፃናት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ይህን የምጠይቅሽ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ተብዬ ስላደግሁ ነው እንጂ መልሱን ናፍቄ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት፤ ሁለት የታች ጥርስ አውጥታ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ሰላም በይልኝ ግን አላለኝም። «እታለም» ብዬ ልጀምር ነበር፤ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ የጠራሁሽ በዚያ ስለሆነ። እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ሁለቴ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ፤ በሦስተኛው ጭራሽ አልጠራም። ደብዳቤ ግን መሃል ላይ አይዘጋም። ብትቀድጂው እንኳ ከመቅደድሽ በፊት አንድ ሁለት መስመር ዓይንሽ ውስጥ ይገባል። ለእማዬ «የገዛ እህቴ ጉሮሮዬን ዘጋችው፤ ከድሮም ምቀኛ ነበረች» ማለትሽን ሰምቻለሁ። «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ናት» እያልሽ በየዘመዱ ቤት ማልቀስሽንም ሰምቻለሁ። አዎ፣ አዝለሽኛል። አልካድኩም። የታዘለ ሰው ግን ያዘለው ገደል ሲገባ አብሮ የመግባት ዕዳ አለበት እንዴ?

የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ወደ መድኃኒት ቤቱ ልመለስ አሥራ አምስት ቀን ሲቀረኝ፣ ልጄን የት እንደማውላት አሳስቦኝ አያውቅም ነበር። የሕፃናት ማቆያ ያላት እህት እያለችኝ ምን ልፈልግ! አንቺም «የእህቴ ልጅ በባዳ እጅ ስታድግ ቆሜ አላይም» ብለሽ በመስኮቱ በኩል አልጋዋን አዘጋጅተሽላት ነበር። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም። ያስቸገረን ባለቤቴ ብቻ ነው። ሰውየውን ታውቂዋለሽ፤ የፍሬን መካኒክ ስለሆነ ሥራው ልክፍት ሆኖበት ቤት ውስጥ እንኳ በር ከዘጋ በኋላ ሦስቴ ይገፋዋል። «ዘመድም ቢሆን ይታያል። ሌላም ቦታ እንይና እናወዳድር» አለኝ። እኔ ደግሞ ስላንቺ ተቆጣሁ። «እህቴን ከማን ጋር ነው የምታወዳድራት?» ብዬ ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ያ ኩርፊያዬ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል። በመጨረሻ አፉን ላዘጋው ብዬ አብሬው ዞርኩ።

መጀመሪያ ያየነው ግድግዳው ሁሉ ቢራቢሮ የተሳለበት፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ቤት ነው። ባለቤቷ ስለ ልጃችን አንዲት ነገር ሳትጠይቀን «ፎቶዋን ገጻችን ላይ ብንለጥፈው ቅር ይላችኋል?» አለችን። አሥራ አራት ልጅ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሏል፤ አንዲት ሞግዚት ጥግ ይዛ ስልኳን ትጎረጉራለች። ባለቤቴ የደረጃውን በር በእግሩ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ወለል ብሎ ተከፈተ። ተያየንና ወጣን። ሁለተኛው ቤት «ወላጅ ከበር ወዲህ አይገባም፤ ልጆቹን ይረብሻል» ብሎ ከደጅ መለሰን።

ሦስተኛውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ፈገግታ የሚያስከፍላቸው የሚመስላቸው ኮስታራ ሴትዮ። ገና ሳንቀመጥ እጃችንን አስታጠቡን። ከጠየቅናቸው ይልቅ የጠየቁን በለጠ። ምን ስትሆን ታለቅሳለች? በየት ጎኗ ትተኛለች? ከእናንተ ሌላ ማን ሊወስዳት ይመጣል? የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ይምጣና ፊቱን እንወቀው። አንዷ ሞግዚት ከሦስት ሕፃን በላይ አትይዝም። ስንወጣ «ስትመጡ እንዳትደውሉ። ተደውሎ የሚኬድበት ቤት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው» አሉን። ቤቱ ግን ጫጫታ ነበር። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ሰሃን በማንኪያ ትቀጠቅጣለች፣ ሌላው እየዳኸ የባለቤቴን የጫማ ማሰሪያ ይፈታል። «ይሄማ ገበያ ነው! የእህቴ ቤት እንዴት ጸጥ ያለ መሰለህ» አልኩት። እሱ ማሰሪያውን መልሶ እየቋጠረ፣ «እኔ ሞተር ድምፁ ሲጠፋብኝ ደስ አይለኝም» አለኝ። ስቄበት አለፍኩ።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ልጄን አቅፌ አንቺ ዘንድ መጣሁ። አልደወልኩም። ልሰልልሽ አስቤ እንዳይመስልሽ። «ይኸው፣ ሳልደውል ሄጄ አየሁት» ብዬ ባለቤቴን አፉን ላስይዘው ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። በሩን የከፈተችልኝ ያቺ ረጅሟ ሞግዚትሽ ናት። «እትዬ የሉም፣ ወጥተዋል» ብላ ደፉን ይዛ ቆመች። «ልጄን ላጥባ» ብያት በትከሻዬ ገፋ አድርጌያት ገባሁ።

መጋረጃው ተዘግቷል። ዘጠኝ አልጋ፣ ዘጠኝ ሕፃን፤ ዘጠኙም ተኝተዋል። የአምስት ወሯም፣ ዓመት ሊሞላው የደረሰውም። ሕፃናት በደወል እንደማይተኙ አንድ ያሳደገች ሴት ታውቀዋለች። ያኔ ልጄ ጨለማው አስፈርቷት ነው መሰለኝ ጩኸቷን ለቀቀችው። የእሷን ጩኸት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ጎረቤት ያስወጣል። አንድም ልጅ አልነቃም። አንድም! ከዘጠኙ መሃል ካሉት መንትዮች የትንሹ ጉንጭ ላይ ያስመለሰው ወተት ደርቆ ተለጥፏል። ጆሮው ሥር አጨበጨብኩ። ክንዱን አንስቼ ብለቀው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ጣቴን አፍንጫው ላይ አድርጌ ትንፋሹን ቆጠርኩ። «ልማዳቸው ነው፣ ይተኛሉ» አለችኝ ሞግዚትሽ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

ወጥ ቤትሽ ገባሁ። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ጠርሙስና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ተቀምጧል። የአለርጂ ሽሮፕ ነው፤ እንቅልፍ የሚጥለው ዓይነት። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የእኔ መድኃኒት ቤት ነው። «ማታ ብቻ» የሚለው የእጅ ጽሑፍም የእኔ ነው።

አንቺ ስትደርሺ ጠርሙሱ በእጄ ነበር። አየሽው፣ እኔንም አየሽኝ፤ ከዚያ ረጋ ብለሽ ቦርሳሽን ሰቀልሽ። «ጉንፋን ይዟቸው ነው» አልሽኝ። «ዘጠኙንም?» ስልሽ ቁጣው መጣ። «አንቺ አንድ ወልደሽ ዓይንሽ ጎድጉዷል። እኔ ዘጠኝ ልጅ ላይ ያለኝ ሁለት እጅ ነው። ማን ሞተብኝ? እናቶቻቸው ሲመጡ ንጹሕና ጨዋ ልጅ ይረከባሉ። መርቀውኝ ነው የሚሄዱት!» አልሽ። «የእኔንስ ልጅ?» አልኩሽ። ትንሽ አሰብሽና ድምፅሽን ለስለስ አድርገሽ፣ «ያንቺንማ አልሰጣትም ነበር» አልሽኝ።

እህቴ፣ ከተናገርሽው ሁሉ አጥንቴ ውስጥ የቀረው ይሄ ነው። ልታጽናኚኝ ነበር እኮ! ምን እንደምታደርጊ አጥርተሽ ማወቅሽን ያወቅሁት በዚያች በለሰለሰች ቃልሽ ነው።

በሩን ይዤ ልወጣ ስል ከኋላዬ ተጣራሽ። «ጠርሙሱን ማን ሰጠኝ? በወር ስድስት ጠርሙስ ለአንድ ልጄ አለርጂ መስሎሽ ነበር?» አልሽኝ። በሩን ወርውሬው ሄድኩ፤ አልመለስኩልሽም። አሁን ልመልስልሽ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ ሆዴ ከባንኮኒው አላስጠጋ ሲለኝ፣ አንድ ቀን መጥተሽ እንደ ልማድሽ ስድስት አልሽኝ። «ልጆቹን በሙሉ ታጠጫቸዋለሽ እንዴ?» አልኩሽ። ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ከረጢት ውስጥ አንድ በአንድ ከተትኩልሽ። የዚያን ዕለት እህል አልወርድ አለኝ፤ እርግዝናው ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ?

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ያደረግሁትን ደግሞ ስሚ፤ አንቺን ብቻ የምሰድብ እንዳይመስልሽ። ልጄን ኮስታራዋ ሴትዮ ዘንድ አስገባኋት። ለባለቤቴ «ለመንገዳችን ይቀርባል» አልኩትና ዝም አልኩ። የራሴን አወጣሁ፣ ዘጠኙን ጥያቸው ሄድኩ። እህቴን እንዴት አዋርዳለሁ አልኩ። እማዬ ደም ግፊት አለባት፣ ብትሰማ ትወድቃለች አልኩ። የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ማለት ይሄ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እማዬ ደውላ ስለ ዋጋ መወደድ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም አውርታኝ ስታበቃ፣ ከመንትዮቹ ትንሹ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል መተኛቱን ነገረችኝ። «ብርድ መቶት ነው። እህትሽ ደንግጣለች፣ ደውይና አጽናኛት» አለችኝ። አልደወልኩልሽም። ለልጁ ሐኪምም አልደወልኩም። ያን ቀን ለማን ምን እንደ ሸጥኩ አላስታውስም። ሰው ሲያመሰግነኝ ግን ፊቴን አዞርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄን ልወስድ ስሄድ ሴትዮዋ በሩ ላይ አስቆሙኝ። «እህትሽ ማቆያ እንዳላት ሰማሁ። ታዲያ ለምን እኔ ዘንድ አመጣሻት?» አሉኝ። ልዋሽ አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዳንቺ ለስለስ አላሉም። ልጄን አሳቀፉኝና፣ «ያንቺ እዚህ ናት። የሌሎቹ እናቶችስ ያውቃሉ?» ብለው በሩን ዘጉ።

ማታውን ለባለቤቴ ነገርኩት። አልጮኸም። «ሦስት ሳምንት?» አለ። እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር ከዚያች በቀር ቃል አልተነፈሰም፤ በነጋታው ግን ልጃችንን ይዞልኝ እስከ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

እንግዲህ ማቆያዎችን የሚቆጣጠሩት ሰዎች በርሽን ያንኳኩት በእኔ ቃል ነው። ጎረቤት አልጠቆመብሽም፤ ያቺ ሞግዚትሽም አልከዳችሽም፣ በከንቱ አትርገሚያት። ስምንቱንም እናቶች እየዞርኩ ያነጋገርኳቸው እኔ ነኝ። አንዷ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። አንዷ «ሌሊት ሌሊት አልተኛ ብሎ ስቸገር ቀን ስለሚተኛ ነው ለካ» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የመንትዮቹ እናት ትንሹ ልጇ በዘጠነኛ ቀኑ ከሆስፒታል ወጥቶላት ነበር፤ ትከሻዬን ስማ «አንቺ ባትኖሪ ልጄን አጥቼው ነበር» አለችኝ። ስድብሽን ሁሉ ችያለሁ። ያንን መሳም ግን አልቻልኩትም።

ቢሮው ቅጽ አስሞልቶኝ ነበር። «ድርጊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቁት መቼ ነው?» የሚል ቦታ አለው። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ያቺን ሐሙስ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። ቀኑን ጻፍኩ። ሠራተኛው ቅጹን አየ፣ ባለቤቴ ጭን ላይ የተቀመጠችውን ልጄን አየ። «እመቤት፣ ወሩን ተሳስተዋል መሰለኝ። ያኔ እኮ ይቺ ልጅ አልተወለደችም» አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት፤ የጻፍኩት ስድስት ብለሽኝ የሳቅንበትን ቀን ነው። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን ወደ ልጃችን መለሰ።

ቃሌ መድኃኒት ቤቱም ደርሶ ከሥራ ታግጃለሁ። ይኸው፣ ደስ ይበልሽ፤ ለዘመድ የምታወሪው አገኘሽ። ልጄን ግን ከሴትዮዋ ዘንድ አላስወጣኋትም። በጠዋት እየወሰድኩ ሥራ ፍለጋ እዞራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ከእንግዲህ ሌላ አልለምንሽም። ጠርሙሱን እኔ እንደ ሰጠሁሽ ለእማዬ ነግረሻታል። እሷ ደግሞ «ልጄ የታዘዘችውን የምትሰጥ የዋህ ናት፤ እሷ ምን አውቃ!» እያለች ካንቺም ከሰውም ትጣላልኛለች አሉ። እንዲህ ስትል አትመልሺላት። አትከራከሪያት። ቅዳሜ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ያንን እኔው አጠገቧ ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን አይንሳሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። የሰው ልጅ ግን ዳግመኛ አያሳቅፍሽ። አሜን ማለት ቢተናነቅሽ ግድ የለም፤ እኔ ስለ ሁለታችንም ብዬዋለሁ።

ያዘልሽኝ ታናሽሽ