ቁመቱ እኔን ያክል ነበር

እማዬ፣ መርቂኝ።

እኛ ቤት ሳይመረቁ ወሬ አይጀመርምና ‹‹እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ›› እስክትዪኝ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኩሽ። እንግዲህ ብለሻል ብዬ ልቀጥል። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ደም ግፊትሽስ? ያ የማድ ቤት ጣሪያ ዘንድሮም ያፈስሳል ወይስ አጎቴ ቃሉን አክብሮ ቆርቆሮውን መታልሽ? መቼም እሱ ያለውን ሠርቶ አያውቅ። እኔ ከናፍቆትሽና ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ስወርድ ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ትዝም አይለኝ።

ይህን ደብዳቤ ግን እንደሌሎቹ ለጎረቤታችን ለዶኛ ሚሬላ ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። መነጽርሽን ፈልጊና በሩን ዘግተሽ ራስሽ አንብቢው። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽ ሁሉ ለሰፈሩ የጻፍኩት ነው። የበቆሎው ማሳ፣ አውቶቡሱ፣ ‹‹ትልቁ ሊግ ልገባ ምንም አልቀረኝ›› ምናምን። ደጃፍሽ ላይ ተሰብስበው ሲሰሙ ደስ ይበላቸው ብዬ ነው። ይሄ ያንቺ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። በዚህ አሜሪካ፣ በሃርሎው የቤዝቦል ቡድን፣ በውጭ ሜዳው ርቆ የተመታውን ኳስ ለመያዝ የምንቆመው ሦስት ነን። መሀል ላይ እኔ፣ በግራ ዌንደል፣ በቀኝ ዴሾን። ሰዎቹ ‹‹ተስፋዎች›› ነው የሚሉን። እኛን ከሚያሳድገን ከዋናው ክለብ የሚመጡት ሰዎች ዛሬ ስንት ኳስ እንደያዝን ለማየት አይመጡም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደምንሆን ሊገምቱ ነው የሚመጡት። ጥጃ እንደሚገዛ ሰው ናቸው። እግሩን ይዳብሳሉ፣ ጥርሱን ያያሉ፣ የእናቱን ዘር ይጠይቃሉ፤ ጥጃው ዛሬ ምን እንደሆነማ ማን ጉዳዩ ብሎ!

ዴሾን የሚሲሲፒ ልጅ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ እውነተኛውን አሥራ ዘጠኝ። በሚያዝያ ሲመጣ አየር ላይ የሚታጠፍ ኳስ ሲወረውሩለት በዱላው ዝንብ የሚያባርር ነበር የሚመስለው። ስቀንበታል። አሁን ነሐሴ ላይ ያንኑ ኳስ ቆሞ ይጠብቀውና ከአጥር ማዶ ይሰደዋል። እኔም ያንን ኳስ በሚያዝያ አልችለውም ነበር፤ ዛሬም አልችለውም። አምናም አልቻልኩትም። የዱላ አሰልጣኛችን ‹‹አይዞህ፣ ይመጣል›› ይለኛል። ከየት እንደሚመጣ እሱ ይወቅ።

ዌንደል ደግሞ የነብራስካ ገበሬ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ጨርሶ የመጣ፣ ሃያ አራት ዓመቱ። በሩጫ ብትዪ፣ በክንድ ብትዪ፣ በዱላ ብትዪ እኔና እሱ እኩል ነን። አንዳችንን ከሌላው ለመለየት ጀርባችን ላይ ያለውን ቁጥር ማየት አለብሽ። ቀልደኛ ነው፤ እኔን ‹‹ሕፃኑ›› ይለኛል። ሻንጣዬን ስሸከም ካየኝ ‹‹ና እንጂ ሕፃኑ፣ ጡጦህን ልያዝልህ?›› ይላል፣ አውቶቡሱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? እሱና እኔ በአንድ ዓመት የተወለድን መሆናችንን አንቺና እኔ፣ ሰፈሩና እግዚአብሔር ብቻ ነው የምናውቀው።

እኔና ዴሾን ያረፍነው ወይዘሮ አርዲስ ቤት ነው። ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ ክለቡ ተጫዋች ሲልክባት ደስታዋ ነው። በማድ ቤቷ በር መቃን ላይ የልጆቿ ቁመት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በእርሳስ ተሰምሯል። እኛንም ወር በገባ ቁጥር ጫማ አስወልቃ እዚያው ታቆመናለች። የዴሾን መስመር ከሚያዝያ ወዲህ እየወጣ እየወጣ የትልቁን ልጇን አልፏል። የኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው በእዚያው ላይ እየተሰመረ ወፍሮ ጠቁሯል። ሴትየዋ ደግሞ ደግ ናት፣ ተስፋ አትቆርጥም። ‹‹አንዳንዱ ዘግይቶ ነው የሚመዘዝ፣ የኔም ትንሹ እንዳንተ ነበር›› ትለኝና ወተት ትጨምርልኛለች። ወተቱን እጠጣለሁ፤ ምን ልበላት?

በሐምሌ የልደት ኬክ ጋገረችልኝ። ሃያ ሻማ ሰክታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ‹‹መልካም ልደት ራዳሜስ›› ብለው ዘፈኑ። እፍ በል አሉኝ፣ እፍ አልኩ። ያን ቀን አንቺ የት እንደነበርሽ አውቃለሁ። ሻማ ይዘሽ መቃብሩ ላይ ነበርሽ፤ መስቀሉ ላይ የኔ ስም ተጽፎ። ኬኩን ለዴሾን ገፋሁለት።

እማዬ፣ አንቺን አልወቅስም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ እወቂልኝ። ታናሼ ራዳሜስ በትኩሳቱ ከእጃችን ያመለጠ ዕለት አንቺ ሰው አልነበርሽም፤ ውሃ እንኳ በማንኪያ ነበር የሚያጠጡሽ። ያ ዶን ፌሊቶ ነው፣ ልጅ አሠልጥኖ ለክለብ ማቅረብ እንጀራው የሆነ ሰው፣ አልቅሶ ሳይጨርስ ጓዳ የጠራን። ‹‹የአሜሪካ ክለብ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ዞሮም አያይ። አሥራ ሰባት ከሆነ ግን እጅ በእጅ ነው። ለሞተ ልጅ ዕድሜ ምን ያደርግለታል? ለሕያው ይሁነው›› አለ። የተናገረውን እስከ ቃሉ አስታውሰዋለሁ። እንደዚያ ሆነና ትንሹ በትልቁ ስም ተቀበረ፣ እኔም በእሱ ስም ቀረሁ። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝም አለ። እኛ ዘንድ ይህን የሚያጋልጥ ሰው የለም፤ የእያንዳንዱ ቤት ልጅ ነገ ተራው ነዋ።

በጣም የሚያስቀኝ ምን መሰለሽ? ራዳሜስ ቤዝቦል አይወድም ነበር። እርግቦቹ ነበሩ ነፍሱ። ኳስ ሲያዩ እንዳይደነግጡበት እኔን ከግቢ ያባርረኝ ነበር። አሁን እዚህ ከበቆሎ ማሳ መሀል ተራዬ ሲደርስ በድምፅ ማጉያ ስሙ ይጠራል፣ ሕዝቡም ተቀብሎ ይጮኻል። አንድም ቀን ለምጄው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከዋናው ክለብ ሚስተር ፕሩዊት የሚባል ሽማግሌ መጣ። ማን ወደ ላይ ይለፍ፣ ማን ይሰናበት የሚለውን የሚያማክር እሱ ነው። ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ወጌሻው ክፍል ተጋድሜ ሳለ ከቡድኑ አለቃ ጋር በሩ ላይ ቆመው ያወራሉ። እንግሊዝኛ የማልሰማ ይመስላቸዋል። አለቃችን ከታች አዲስ ልጅ ስለሚመጣ ከኔና ከዌንደል አንዳችን መሄድ እንዳለብን፣ ለእሱ ከሆነ ግን ሁለታችንም አንድ እንደሆንን፣ እንዲያውም ዌንደል ዱላ ላይ ትንሽ እንደሚሻል ነገረው። ሽማግሌው መለሰለት፤

‹‹ዌንደል ሃያ አራት ዓመቱ ነው። በሃያ አራት ዓመት የምታየው ያለው ነው፤ ከእንግዲህ የሚጨመርበት የለም። ራዳሜስ ግን ገና ልጅ ነው። እሱ ይጠበቃል።››

እማዬ፣ ሰውዬው የተናገረው ስለ ዌንደል አይደለም፤ ስለ እኔ ነው። እኔ በውስጤ ‹‹ይመጣል፣ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ›› እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። ወይዘሮ አርዲስ ስትለካኝ እንኳ አንዳንዴ ተረከዜን ከፍ አደርግ ነበር፤ ለምን እንደማደርገው እኔም አላውቅ። ያን ዕለት ነገሩ አለቀ። የሚመጣ ነገር የለም። የሆንኩት ይሄንኑ ነው።

ከልምምድ በኋላ ሽማግሌው አግዳሚው ወንበር ላይ ጠራኝ። እስፓኝኛ ይችላል፤ ደሴታችንን ከዳር ዳር የዞረ ሰው ነው። የእጄን አንጓ ያዝ አድርጎ አየው፣ የጫማዬን ቁጥር ጠየቀኝ፣ ስለ አባቴ ጠየቀኝ። አላውቀውም አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ዶን ፌሊቶ ለዚህ ጥያቄ መልሱን እንደ ጸሎት አስጠንቶኛል፤ ‹‹ታላቅ ወንድሜ በር ሲገባ ያጎነብስ ነበር በል፣ ትከሻው በሬ ነው በል›› ብሎ። ይህን ካልኩ እኔ እቀራለሁ፣ ዌንደል ይሄዳል።

‹‹ታላቅ ወንድም አለህ?›› አለኝ።

‹‹ነበረኝ። መስቀሉ ላይ ስሙ ተጽፏል›› አልኩት።

‹‹ነፍሱን ይማር። ቁመቱስ? እስከየት አደገ?››

‹‹እኔን ያክል ነበር።››

‹‹ትከሻውስ?››

‹‹ይቺኑ ያክል ነበር። ከዚህ ወዲያ አላደገም።››

ከእጄ ላይ ዐይኑን አንሥቶ ፊቴን አየኝ። ይጫወት እንደነበር ጠየቀኝ፣ ይጫወት ነበር አልኩት። ጎበዝ ነበር ወይ አለኝ።

‹‹እዚህ ድረስ ለመምጣት የሚበቃ ነበር። ከዚህ በላይ ግን አልነበረም።››

ሣር የሚያጠጣው ሰው ቱቦውን እየጎተተ በፊታችን አለፈ። ሽማግሌው ስሙ ማን ነበር አለኝ። ‹‹አንሴልሞ›› አልኩት። እማዬ፣ ይህን ስም ከአፌ ካወጣሁ ዘመኔ። አፍሬ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አራገፍኩ። እሱም ‹‹አንሴልሞ›› ብሎ ቀስ ብሎ ደገመው። ከዚያም፣ ቤት ማን አለ አለኝ፤ እናቴ አልኩት።

‹‹ሁለት ልጅ ማጣት ለእናት ከባድ ነው›› አለና ትከሻዬን ይዞ ተነሣ። እኔ የነገርኩት ስለ አንድ ልጅ ብቻ ነበር።

ለዌንደል ብዬ ያደረግኩት እንዳይመስልሽ። እኔ ያን ያህል ደግ አይደለሁም። መለካት ነው የሰለቸኝ። ዌንደልም ቢሆን ምን ተረፈው? ለከርሞ ተራው ነው፤ የራሱ ዕድሜ ይጠራዋል።

እዚህ ሰው ሲሰናበት ደንብ አለው። ጠዋት ከልምምድ በፊት አለቃው በስም ይጠራሻል፤ ሌላው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል፣ የታሰረውንም ፈትቶ ያስራል። በማግስቱ ‹‹ራዳሜስ›› ተብሎ ሲጠራ ክፍሉ ሙሉ ሰው አጎነበሰ። አለቃችን ክለቡ ስለ ጉልበቴ እንደሰጋ ነገረኝ። ሽማግሌው የጻፈው ስለ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ስለ ሌላው አንድ ቃል የለም። ጉልበቴ ይመስገን እንግዲህ! ስወጣ ዌንደል ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ‹‹አይዞህ ሕፃኑ፣ አንተ ገና ጊዜ አለህ›› አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ እሱ ግን መሰናበቴ ያስለቀሰኝ መስሎታል።

ወይዘሮ አርዲስም ካልለካሁህ አትሄድም ብላ መቃኑ ላይ አቆመችኝ። ተረከዜን አላነሣሁም። መስመሩ እዚያው ላይ አረፈ። ‹‹ግድ የለም፣ እናትህ ቤት ትመዘዛለህ›› አለችኝና ፊቷን አዞረች።

የጉልበቴን ሕክምና ጨርሼ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ፤ ደብዳቤው ይቀድመኛል። መጥቼ ምን እንደምሠራ አትጠይቂኝ፣ እኔም አላውቀውም። ዶን ፌሊቶ ለኔ ጊዜ የለውም፣ እሱ የሚፈልገው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። የሸንኮራ ቆረጣው ደግሞ በማሽን ተይዟል። ስሜንስ ማን ይመልስልኛል? ለመንግሥት አንሴልሞ ሞቷል፤ መታወቂያዬ ራዳሜስ ነው፣ ሥራ ባገኝ በእሱ ስም ነው፣ ባገባም በእሱ ስም ነው፣ ስሞትም እሱ ሁለተኛ ይሞታል። የታሰረው ነገር አይፈታም፤ ዳኛ ዘንድ ብንሄድ ሁለታችንንም ያስሩናል እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ይቻላል። ሰፈሩ መቃብሩን ኖራ የሚቀባበትን የሙታን ቀን አትጠብቂ። እኔ ሳልደርስ ቀለም ቀቢውን ጥሪና መስቀሉ ላይ ያለውን ስሜን ይፋቅልኝ። የልጁን ስም ይጻፍለት። ዶን ፌሊቶ ቢቆጣ ይቆጣ። አንቺ ፊቱ ተንበርክከሽ በወንድሙ ስም ያለቀስሽለት ይበቃዋል። ከቻልሽም ከሥር አንዲት እርግብ ይሣልለት።

ዶኛ ሚሬላን ሰላም በይልኝ፤ ደብዳቤው የት አለ ካለችሽ ዝናብ አበሰበሰው በያት። ጤናውን ይስጥሽ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ መጥቼ እመታልሻለሁ፣ ያ እንኳ አያቅተኝም። ደጅ ቆሜ ‹‹መርቂኝ›› ስልሽ ጎረቤት ከሰማ በእሱ ስም መርቂኝ። ከዚያ በሩን ዝጊና አንድ ጊዜ፣ በሹክሹክታም ቢሆን፣ በኔ ስም ድገሚልኝ።

የበኩር ልጅሽ