ባለ አንድ እግሩን የመረጥሁ ለት

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

አዘዜ፣ የቤቴ አባወራ፤

ክንድህ እንዴት ሰነበተ? አዲስ አበባ ብርዱ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ቁስልህን ሳስብ ከረምሁ። እኛ ደህና ነን፤ ቤቱ ያላንተ ሰፋብን እንጂ። ወሬዬን በስልክ ጀምሬልህ ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ «ምን አልሽ?» ስትለኝ ተውሁት። ይህ ተቆራርጦ የሚወራ አይደለም። እህትህ ኪዲ ነገ ስለምትመጣ ደብዳቤውንም ጋዜጣውንም በእጇ ልኬልሃለሁ።

የታንኳ ውድድሩ ባለፈው እሑድ ተካሄደ። ባጃጁ ገልብጦህ ሆስፒታል ከገባህ ወዲህ ጋዜጣው በቦታህ ሌላ ሰው እንዳይተካ «ፎቶውን እኔ አነሣለሁ» ማለቴን ታውቃለህ። አንተም «ረጅሙ ሌንስ ለክንድሽ ይከብዳል፤ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ እሰሪው፤ ባለ አንድ እግሩ ልምድ ይፈልጋል» ብለህ መከርኸኝ። እሺ አልሁህ። ሁለቱንም ግን ተሸክሜ ወረድሁ።

በማጣሪያው እንዳልኸኝ አደረግሁ። የጀልባ መሳፈሪያው ጣውላ ላይ ሦስቱን እግር ዘርግቼ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ዝንፍ አላለም። ሰው ሲሞላ ግን ጣውላው ይርገበገብ ጀመር፤ አንድ ሰው በተራመደ ቁጥር በሌንሱ ውስጥ ሐይቁ በሙሉ ይዘላል። ደግሞ በእግሮቹ እየተደናቀፉ «ኧረ ይህን ነገር አንሺልን!» ይሉኛል። ቀዛፊዎቹ ሲያልፉ አዙሬ ልከተላቸው ብል መዞሪያ የለኝም። ያነሣሁት ሁሉ ደብዛዛ ሆነ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ስሙ የሚጠፋው ያንተ ነዋ።

ለፍጻሜው ባለ ሦስት እግሩን አጣጥፌ ወደ ድንጋያማው ዳርቻ፣ ከመድረሻው መስመር ገመድ ትይዩ ሄድሁ። ባለ አንድ እግሩን ከሌንሱ ሥር አጠበቅሁት። ክብደቱን መሬት ተሸከመልኝ፤ የቀሩት ሁለት እግሮች የራሴ ሆኑ። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ቆምሁ። ወዲያው ሁለት ታንኳዎች እኩል ብቅ አሉ፤ አንደኛው የደቅ ደሴቱ ልጅ አካሉ ነው፣ ሌላው የእኛው ከተማ ልጅ። ወገቤን ሳዞር ሌንሱም አብሮኝ ዞረ። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ትንፋሼን ይዤ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁት።

ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሣ። ዳኞቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ደጋፊው ይጮኻል፤ የደቅ ሰዎች መቅዘፊያቸውን እንደ ጨበጡ ከውኃው ወጡ። ፈራሁ፤ ቢሆንም ካሜራውን ይዤ በሰው መካከል ተሹለክልኬ ለዋናው ዳኛ ለአቶ ቢያዝን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። የአካሉ ታንኳ አፍንጫ ገመዱን ገፍቶታል፤ የሌላው ገና ክንድ ያህል ይቀረዋል። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ማሰሪያ እንኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ይህን ያነሣ ማነው?» አሉ ጮክ ብለው።

«የአዘዘ ሚስት ናት» አለ አንዱ ከኋላዬ።

«የማን ሚስት እንደ ሆነች አልጠየቅሁም። ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

«ወለላ።»

ስሜን በድምፅ ማጉያው ጠሩት፤ አካሉ ማሸነፉንም ተናገሩ። የተሸነፈው ልጅ ራሱ መጥቶ ፎቶውን አየና ሄዶ አካሉን አቀፈው። ጩኸቱም ወደ እልልታ ተለወጠ።

አዘዜ፣ ኮራሁ! ዛሬም አልበረደልኝም፤ ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ይመስለኛል። በአንተም ኮርቻለሁ። በየማለዳው ሐይቅ ዳር አሞራ ፎቶ ስታነሣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሳይህ ሥራ የፈታሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ስማር ኖሬአለሁ።

ጋዜጣው ትናንት ወጣ። አዘጋጁ «አዘዘ እስኪመለስ አንቺው ቀጥዪ» አለኝ። «እስኪመለስ» አልሁት እኔም።

ኪዲ ሐኪሙ ስለ ክንድህ ያለህን ነግራኛለች። አንተ በራስህ አፍ እስክትነግረኝ አልጠይቅህም፤ አትጨነቅ። ብቻ ድነህ ስትመጣ ዳርቻው ላይ ከጎኔ ቁም። እኔ ሌንሱ ውስጥ ስሆን የማየው ጠባብ ነው፤ ቀዛፊዎቹ ከየት በኩል እንደሚመጡ አስቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ። «አሁን!» በለኝ። ዓይንህ እንደ ሆነ አልተሰበረም።

የደሴቶቹ ታቦታት ሁሉ ከራስጌህ አይለዩ። በእግርህ ቆመህ፣ እየሳቅህ ያምጣልኝ።

የምትናፍቅህ
ወለላ