በረዶው ላይ ያለችው ዛጎል

ኤቲ፣

ትናንት ጎረቤት ፊት «እማማ ትምህርት ቤት አልገቡም፣ ስለ ፍሪዘር ምን ያውቃሉ?» አልሽ። ሰምቻለሁ። ጆሮዬ አላረጀም።

የባልሽን የካባይን የመቃብር ድንጋይ ላመጣ በጀልባ ሄጃለሁ። ቅዳሜ እመለሳለሁ።

ልጄ ሊሞት ሰሞን ከባሕር አድኖ ያመጣውን የባሕር ላም ሥጋ እንዳትጥዪው። ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፣ አውቃለሁ። ሳይቀልጥ የቆየ ሥጋ ሰው አይገድልም፤ ጣዕሙ ነው የሚቀንሰው። ዳር ዳሩ ደርቆ ነጥቷል፣ እሱን ቆርጬ እጥላለሁ። ድንጋዩ መቃብሩ ላይ ቆሞ መሸፈኛው በሚገለጥበት ቀን እንግዳው ሁሉ ካባይ ያደነውን ይበላል።

ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ቀልጦ ይሆናል ካልሽ፣ ሥጋው አጠገብ ያለውን ኩባያ እዪ። ሥጋው በገባ ሰሞን ውሃ ሞልቼበት፣ በረዶ ሲሆን አናቱ ላይ ዛጎል አስቀምጫለሁ። ዛጎሏ ከሰመጠች ሥጋውም ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ እኔን ሳትጠብቂ ሁሉንም ቅበሪው። ዛሬ ጠዋት ከላይ ነበረች።

ዓሣ ቀቅዬልሻለሁ፣ ምድጃው ላይ ነው።

በለቅሶው ቀን የተናገርኩሽ ክፉ ነገር...
የፍሪዘሩን ክዳን ደጋግመሽ አትክፈቺ።

ቅዳሜ ዛጎሏን አብረን እናያለን። ከላይ ከሆነች፣ በድንጋዩ ቀን እነዚያው ጎረቤቶች እያዩ የመጀመሪያውን ቁራጭ አንቺ ብዪ።