በጋሼ አሳምነው ስም

ግንቦት 21 ቀን 2006

ብርድ። ንፋሱ የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት በር ሲያንኳኳ ዋለ። ሁለት ጊዜ "ይግቡ" ብዬ ጮህኩ… ማንም የለም።

ጋሼ አሳምነው ካርድ ሲጽፉ፣ እኔ ኮምፒውተር ስነካካ ዋልን። ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ ጽፈዋል። ከታኅሣሥ ወዲህ የተማሪው ውሰት ሁሉ በፕሮግራሙ ነው፤ ለተማሪ ካርድ የሚባል ነገር ቀርቷል። እሳቸው ግን አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር አሁንም ይጽፋሉ። ለምን? ስላቸው "እጄ እንዳይረሳ" አሉ። ምን ይባላል?

የኔ ስራ የፕሮግራሙ የአስተዳዳሪ ክፍል ነው። ፕሮግራሙ ሁለት በር አለው። በአንዱ መጽሐፍ ይሰጣል፣ ይመለሳል። በሌላው ሕግ ይወጣል… መጽሐፍ ስንት ቀን ይቆያል፣ ማን ስንት ይወስዳል፣ አባልነት መቼ ያበቃል። ይሄኛውን የሚከፍተው አንድ ስም ብቻ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሳቢር ከደሴ መጥቶ ሲጭነው "በኃላፊው ስም ይሁን" አለና በጋሼ አሳምነው ስም አደረገው። ፓስወርዱን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። "አንቺው ያዢልኝ" ብለው ወደ ካርዳቸው ተመለሱ። ስለዚህ በየቀኑ እሳቸውን ሆኜ እገባለሁ።

የሙከራ ጊዜዬ ሐምሌ 10 ያልቃል። ቋሚ ካልሆንኩ ወደ ከላላ ተመልሼ አባ ቤት መቀመጥ ነው። ዘመድ ሁሉ ባል ሲመርጥልኝ! በሃያ ስድስት ዓመቴ… ያረቢ።

ግንቦት 28

ፕሮግራሙ ላይ ያለውን በሙሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ። ሳቢር በየሳምንቱ አድርጊ ብሎኝ ነበር። ባስታወስኩ ጊዜ አደርጋለሁ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ጧት ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ዋልኩ። የተመራቂዎችን የክሊራንስ ፎርም ላባዛ። ማሽኑ ወረቀት ይበላል፣ ባለቤቱ ማሽኑን ይሰድባል…

ከሰዓት ጋሼ አሳምነው ቀብር ሄዱ። ጎረቤታቸው ሞቶባቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ሬጅስትራር ደብዳቤ ልኳል። የተማሪዎች አባልነት ሰኔ 30 እንዲያበቃ። አንድ በአንድ ብሞላ ሳምንትም አይበቃኝም፤ በአስተዳዳሪው ክፍል ግን ለሁሉም ባንዴ ይሆናል። ቀኑን ሞላሁ። "ጊዜያቸው ያለፈ አባላት ጧት ኮምፒውተሩ ሲከፈት ይሰረዙ" የሚለውንም ምልክት አደረግሁበት። ትምህርት አቋርጠው የወጡ ልጆች ስም ተጠራቅሞ አስቸግሮን ነበር። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል፤ ሦስተኛው ሳይደርስብኝ ብዬ ተጣደፍኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ጨርሼ ወጣሁ።

ጎበዝ ፈዲላ። እኔ ካላመሰገንኩሽ ማን ያመሰግንሻል?

ሰኔ 6

አባላት፦ 0።

ጧት ከፍቼ ያየሁት ይሄን ነው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ተማሪ… የለም። ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደወሰደም አብሮ ጠፍቷል። ምርቃቱ ሐምሌ 5 ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ክሊራንስ ካልፈረመ አንድም ልጅ ዲፕሎማ አይወስድም።

የሬጅስትራርን ደብዳቤ አወጣሁ። ሰኔ 30 ቀን 2006። እኔ የሞላሁት 30/10/2006። ፕሮግራሙ እኮ የሚያስበው በፈረንጅ ነው! ለሱ አሁን 2014 ነው። ያ ቀን ካለፈ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል። ጊዜው ያለፈውን ሰርዝ ብዬዋለሁ… ሰረዘ። ማሽኑ ምን አጠፋ?

አውቀዋለሁ እኮ! ስንቴ ቀን ቀይሬ ሞልቻለሁ። ትናንት ግን እጄ የለመደውን ጻፈ።

ዲኑ መጣ። ክንፈ። (ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው፣ እዚህ ግን "እሱ" ነው። ቢበልጠኝ በሦስት ዓመት ነው።)

"ማነው የነካው?"

"አላውቅም።"

ጋሼ አሳምነው ከካርዳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

ሰኔ 7

አላውቅም አልኩ። ለምን? ምላሴ ቀደመኝ። ሰኞ እናገራለሁ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አልተናገርኩም።

ሳቢር በስልክ እየመራኝ የግንቦት 28ቱን ከፍላሹ መለስኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። አባላቱ አንድ በአንድ ሲመጡ… አልሐምዱሊላህ! ብዬ ጮህኩ። ከግንቦት 28 ወዲህ የተዋሱት ግን ቀረ። መደርደሪያውን ስናመሳክር መቶ ሠላሳ ሰባት መጽሐፍ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም።

ከዚያ ሳቢር ለዲኑ ነገረው። ፕሮግራሙ ማን ምን እንደነካ ለብቻው ይመዘግባል፣ እሱ አይጠፋም፣ አትማችሁ እዩት አለው። ክንፈ ወደኔ ዞሮ "አትሚው" አለ።

አተምኩት። ስም፦ አሳምነው። ቀን፦ ጁን 12። ሰዓት፦ 4:47። ከጎኑ ፒ.ኤም የምትል ነበረች፣ ከሰዓት መሆኑን የምትናገረው። የወረቀቱ ጠርዝ ቆርጧታል። የፈረንጅ 4:47 ከሰዓት ማለት የኛ አሥር ሰዓት ከአርባ ሰባት ነው… ብቻዬን የነበርኩበት። ወረቀቱን አግድም አድርጌ እንደገና ባትመው ትወጣ ነበር።

አየሁት። አየሁትና ሰጠሁት።

ሰኔ 11

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ የትምወርቅ ናቸው፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ። ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቁና አነበቡ።

"ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ከአርባ ሰባት። ጧት መሆኑ ነው። ፈዲላ የት ነበርሽ?"

"ፎቶ ኮፒ ቤት።"

እውነት ነው። ባለቤቱም ይመሰክራል። እንዲህ እውነት እየተናገሩ መዋሸት ይቻላል ለካ…

"አቶ አሳምነውስ?"

"ጧት ቢሮ ነበርኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

"ነክተውታል?"

ወረቀቱን ተቀብለው ብዙ አዩት። "ስሜ ተጽፎበታል መቼስ" አሉ። ወረቀቱንም መለሱ።

ጋሼ አሳምነው ጥር ላይ በስብሰባ የተናገሩትን ክንፈ አነሳ። "ይሄ ማሽን አንድ ቀን ያዋርደናል" ብለው ነበር። "ይኸው አዋረዱን" አለ። ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ሆን ብለው ነው እያለ ነው። ለጡረታ ዓመት ከምናምን የቀራቸው ሰው! እኔ አልሳቅሁም። ግን ምን ዋጋ አለው… እጄን ሳይ ነበር።

ሰኔ 15

አባ ከከላላ ደወሉ። ድምፃቸው ዘግቷል። ሳምንቱን ሙሉ ልጆች ቁርኣን ሲያቀሩ ሰንብተው።

"ቋሚ ሆንሽ?"

"ኢንሻአላህ፣ አባ።"

"ያ አለቃሽስ? ቤት ፈልገው ያስከራዩሽ… ደህና ናቸው? ሸህ ኸይሩ ሰላም ብሎዎታል በያቸው። ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።"

"እሺ።"

ሰላምታውን አላደረስኩም። በየትኛው ፊቴ?

ሰኔ 18

"ከግንቦት 28 ወዲህ መጽሐፍ የወሰዳችሁ መልሱ" ብለን በየግድግዳው ለጥፈን ነበር። ማን ይመልሳል ብዬ ስቄ ነበር። ስም የለ፣ ማስረጃ የለ። እስከ ዛሬ አንድ መቶ ሁለት መጽሐፍ ገባ!

አንዷ ተመራቂ፣ አበቡ፣ ሁለት ጥራዝ ዝናብ እንዳይነካው በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። እሷ ርሳለች፣ መጽሐፎቹ ደረቅ ናቸው።

"ብታስቀሪው ማንም አያውቅብሽም ነበር እኮ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ግራ ገብቷት አየችኝ። "ወስጃቸዋለሁ እኮ" አለች።

የመመለሻ ደረሰኝ ፈርሜ ሰጠኋት። መጽሐፎቹን በየቦታቸው መለስኩ።

ሰኔ 24

የረመዳን ሦስተኛ ቀን። ክንፈ ቢሮው ጠራኝ።

ተወስኗል። ጋሼ አሳምነው ከኃላፊነት ይነሳሉ፣ በደረጃ ዝቅ ብለው ንብረት ክፍል ይገባሉ። ደብዳቤው ዓርብ ይፈረማል። "አንቺ ቋሚ ትሆኛለሽ" አለኝ። "ቦታቸውንም አንቺ ትይዢዋለሽ።"

"አመሰግናለሁ" አልኩት።

አመሰግናለሁ! በዚህ አፍ ጾሜያለሁ ልል ነው?

በምሳ ሰዓት ከጋሼ አሳምነው ጋር ቤተ መጻሕፍት ነበርን። እሳቸው በሰኔ ጾም፣ እኔ በረመዳን፤ ሁለታችንም አንበላም። ከዚያ ማዶ ሆነው ፊቴን አዩት። "አብሽሪ" አሉኝ። ለኔ! ደብዳቤ የሚጠብቁት እሳቸው፣ አብሽሪ የምባለው እኔ። ተነስቼ ወጣሁ። ከመደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።

ሰኔ 25

ከስራ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። በራቸው ላይ እንደቆምኩ፣ "ግቢ" ሲሉኝ ሳልገባ፣ "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ?"

"ቀኑን በኛ አቆጣጠር የሞላሁት። እርስዎ ቀብር በሄዱበት ሰዓት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው ጋሼ፣ ጧት አይደለም፣ እኔ አውቅ ነበር…"

"አውቃለሁ" አሉ።

ምን?

"ፓስወርዱን ከኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል? እኔ ደሞ ረስቼዋለሁ።"

በዚያ ሁሉ መሃል ሳቄ ሊመጣ ነበር። አፈርኩ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።"

"ባልናገርስ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እንጃ… እስከ ዓርብ ነበር ለራሴ የቀጠርኩት። ከዚያ በኋላማ እኔም ሰው ነኝ፣ እናደዳለሁ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እኔ የምጽፈው በእርሳስ ነው፣ ልጄ። ላጲስ አለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ስንቱን ተሳስቼ ስንቱን አጥፍቻለሁ፤ ማን አየኝ? ያንቺው ማሽን ነው ክፉ።"

አለቀስኩ። እዚያው በሩ ላይ። ውሃ ሊሰጡኝ ቀድተው ጾሜ ትዝ ሲላቸው መልሰው አስቀመጡት። "በይ አዛን እስኪል ተቀመጪ። ተምር የለኝም፣ ቆሎ ነው ያለኝ።" ቆሎ ቆርጥሜ፣ ውሃ ጠጥቼ እሳቸው ቤት አፈጠርኩ። ነገ ትናገሪያለሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም።

ሰኔ 26

ወረቀቱን አግድም አድርጌ አተምኩት። ፒ.ኤም ወጣች። ሁለት ፊደል ናት።

ወይዘሮ የትምወርቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኑ በእጄ የጻፍኩትን ማመልከቻ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ክንፈንም አስጠሩት።

"ከሰዓት ነበር ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ብቻሽን በነበርሽበት?"

"አዎ።"

"ሃያ ቀን ሙሉ፣ ፈዲላ?"

"…አዎ።"

እሳቸው ማመልከቻዬን ከወረቀቱ ጋር አያያዙት። የጮኸው ክንፈ ነው። "ትልቅ ሰው በሐሰት ስታስወነጅዪ! ተቀምጠሽ ስታዪ!" አንተም እኮ ስቀሃል ልለው ነበር። አላልኩም። እሱ የሳቀው ሳያውቅ ነው፣ እኔ ዝም ያልኩት እያወቅሁ።

"ሂጂ። ትጠሪያለሽ" አሉኝ ወይዘሮ የትምወርቅ።

ቀለለኝ ልበል? አልቀለለኝም። ከላላ… የዘመድ ወሬ… የአባ ፊት… ሁሉም በየተራ ይመጣብኛል።

ሐምሌ 5

ምርቃት። ዝናብ በዝናብ። ከመቶ ሠላሳ ሰባቱ መጽሐፍ ያልገባው አራት ብቻ ነው። ክሊራንሱን ሁሉ የፈረሙት ጋሼ አሳምነው ናቸው። የዓርቡ ደብዳቤ ተቀዷል፣ ኃላፊ ናቸው። አበቡ በጋዋኗ መጥታ ተሰናበተችን።

የኔ ውሳኔ አልመጣም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

መጣ። የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ቋሚ አልሆንኩም። ሙከራው ስድስት ወር ተራዝሟል፣ ከዚያ ይታያል ይላል። ማባረር ያልፈለጉት ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌላቸው ነው ይላል ክንፈ። ይሁን። ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ለአባ ደውዬ ነገርኩ። ከነምክንያቱ፣ ሳላሳጥር። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

"ሰላምታዬን አድርሰሽላቸዋል?"

"አላደረስኩም፣ አባ።"

"እሱን አድርሺ መጀመሪያ።"

አደረስኩ። ጋሼ አሳምነው "ወአለይኩም ሰላም በያቸው" አሉ፣ እንዲያው እፊታቸው የቆሙ ያህል ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

ከዚያ በአስተዳዳሪው ክፍል አዲስ ስም ከፈትኩ። ፈዲላ ኸይሩ። ከእንግዲህ የምነካው በስሜ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይም ወረቀት ለጠፍኩ፦ "የማን አቆጣጠር?" ብዬ።

ጋሼ አሳምነው ወንበራቸውን ጎትተው መጡ።

"የኔንም ፓስወርድ ቀይሪልኝ።"

"እርስዎ ነዎት የሚቀይሩት።"

"ፊደሉን አላገኘውም እኮ።"

"ያገኙታል። ጊዜ አለን።"

መነጽራቸውን ጠርገው በአንድ ጣት ጀመሩ። እኔ ተነስቼ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። አንድ ፊደል… ዝምታ… ሌላ ፊደል። ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልገጥም ብሏቸው ከራሳቸው ጋር ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። እንደገና ከመጀመሪያው። አልዞርኩም። ፊት ለፊቴ ያሉትን የመጽሐፍ ርእሶች ሁሉ አንብቤ ጨረስኩ።

"በቃ፣ እሺ አለኝ!" አሉ።

ምን ብለው እንደጻፉ አላውቅም። አሁን እውነት ነው፣ አላውቅም።