ስለ አሥራ አንዱ ልጆች የሜዳ ቦታ

ጂንካ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደሰማያት
በቀድሞው መንግሥት የቀበሌያችን የወጣቶችና የስፖርት ኃላፊ፣ ዛሬ ደግሞ የዚያው ቀበሌ የሰላም ኮሚቴ አባል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? መንግሥት ሲለወጥ ስንቱ ከቤቱ ሲሸሽ እርስዎ ከዚያው ወንበር ላይ ሳይከሱ ሳይጠቁሩ መቀመጥዎን ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። «ጓድ» ልበልዎ ወይስ «አቶ» እያልኩ ሁለት ቀን ካመነታሁ በኋላ፣ ፊርማዎ ያው የድሮው መሆኑን አይቼ በድፍረት ጀመርኩ።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ለሰላም ዋንጫ የሚሰለፉ፣ ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ ዓመት የሆናቸው የአሥራ አንድ ልጆች ስም፣ የሚጫወቱበት ቦታና የየራሳቸው «ልዩ ችሎታና ጠባይ» ተጽፎ ይቅረብልኝ ብለዋል። ከመታዘዜ በፊት ግን በትሕትና የማስታውስዎ ጥቂት ነገር አለ።

አንደኛ፤ ልጅን በቦታው ማቆም ቀላል ሥራ እንዳይመስልዎ። እንደሚያውቁት ሜዳችን የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ነው፤ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማም ሣሩ ላይ የተበተነውን ከብት ሮጠው የሚያስወጡት ልጆቹ ናቸው። እኔ አዲስ ልጅ ሲመጣ ኳስ አልሰጠውም፤ አውሮፕላን የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ ከብት ሲያባርር አየዋለሁ። ሌላው ሲራወጥ ወይፈኑ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ቆሞ የዘጋው ተገኝ ተከላካይ ሆነ። የተነጠለች ጊደር ለመመለስ እስከ ሜዳው ጫፍ ሮጦ ሳያለከልክ የተመለሰው ጎሳዬ የክንፍ ተጫዋች ሆነ። ኮርማ ቀንዱን ደግኖ ሲመጣበት ዓይኑን ሳይጨፍን የጠበቀው ሙሴማ በረኛ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሰዉ ሁሉ «ረጅም ነው፣ አጥቂ አድርገው» እያለ ቢያደክመኝም እንቢ አልኩ።

ሁለተኛ፤ በ1978 ዓ.ም. ልክ እንዳሁኑ ያለ ወረቀት ልከውልኝ ነበር፤ ያኔ የክፍለ ሀገር ውድድር ነው የተባለው። ምስጋና ይግባዎና፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ልጆቼ ችሎታ የጠየቀኝ አንድም ባለሥልጣን አልነበረም። ደስ ብሎኝ፣ ኧረ ኩራትም ኩራት ብሎኝ፣ እጄ እስኪዝል አሳምሬ ጻፍኩ፦ ሙሴ፣ ሲመጣበት አይሸሽም። ተገኝ፣ ቁም የተባለበትን ቦታ አይለቅም። ጎሳዬ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይደክመውም። ባዘዙኝ መሠረት የሰፋሁላቸውን ማሊያ አልብሼ ሰኞ ጠዋት ሜዳው ላይ አሰለፍኳቸው። አርባ ምንጭ ያደርሳቸዋል የተባለው መኪና መጣ፤ ከላዩ ታጣቂዎች ወረዱ፤ እርስዎም የእጅ ጽሕፈቴን ከኪስዎ አውጥተው ስማቸውን አንድ በአንድ ጠሩ። ሌላው ቀበሌ የብሔራዊ ውትድርና ኮታውን ለመሙላት በየጫካው ልጅ ሲያሳድድ እርስዎ ፊሽካ እንኳ ሳይነፉ ጨረሱ። አሰልጣኙ እኔ ነበርኩና ልጆቹ ወደ እኔ ነበር የሚያዩት።

ሦስተኛ፤ ውጤቱን ስላልጠየቁኝ ልንገርዎ። ተገኝ ባለፈው ወር በአንድ እግሩ ተመልሷል። የሸሹት ጓደኞቹ እንደተረፉና እሱ ግን ቦታውን እንዳልለቀቀ ራሱ ነው የነገረኝ። ስለ ሙሴ እስከ ዛሬ የሰማ የለም፤ አባቱ የአሪ መንደሩን ትቶ መኪና በመጣ ቁጥር መናኸሪያ ይቆማል። የጎሳዬ ግን መርዶ መጣ። እናቱ ወይዘሮ ወሰንየለሽ በሳልስቱ ከስፌት መኪናዬ ፊት ቆማ፣ «ዘሩ፣ አይደክመውም ብለህ የጻፍክልኝ አንተ ነህ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ማን እንደነገራትም አልጠየቅኩም፤ ወረቀቱ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው።

ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው ይባላል፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ። ዛሬም ሜዳው ላይ ልጆች አሉ፤ ከብት ሲያባርሩ አይቻቸዋለሁ፤ የማን ቦታ የት እንደሆነም አውቃለሁ። ይሁንና ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና የጠየቁትን ዝርዝር እነሆ፦

በረኛ፦ ዘሩ ለማ።
ተከላካዮች፦ ዘሩ ለማ፣ አራቱም።
አማካዮች፦ ያው ዘሩ።
ክንፍና አጥቂ፦ ዘሩ ለማ።
ዕድሜ፦ ሃምሳ አራት።
ልዩ ጠባይ፦ የጻፈውን አይረሳም።

መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ብቻ ያሳውቁኝ፤ ማሊያዬን ለብሼ ብቻዬን ሜዳው ላይ እጠብቃለሁ። መንግሥት ቢቀያየር ለማይቀዘቅዘው፣ ለወጣቱ ላለዎት አሳቢነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለልጆቹ የነፈጉትን ዕድሜ እርስዎ እንዲያገኙት እመኛለሁ።

ዘሩ ለማ
ልብስ ሰፊና የነሪ እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ

ማስታወሻ፦ በ1978ቱ ዝርዝር ላይ ልጅዎ ሰማኸኝም በግራ ተከላካይነት ነበረበት፤ ሰኞ ጠዋት ግን ሩቅ አያይም የሚል የሐኪም ወረቀት ቀርቦ በእሱ ቦታ ወንድሙ የሚባለው ተጠባባቂያችን መኪናው ላይ ተጫነ፤ አልተመለሰም። ባለፈው ቅዳሜ ሰማኸኝ ገበያ ውስጥ የተጠባባቂያችንን የወንድሙን እናት ከሩቅ አይቶ መንገድ ቀየረ። ዓይኑ ስለዳነለት እንኳን ደስ ያለዎ።